ትኩሳት በወረርሽኝ ወቅት፦ የታይፎይድ የደም ምርመራ ውጤትን በአግባቡ መረዳት

በወረርሽኝ ወቅት ትኩሳት የታየበት ሰው ሁሉ በወረርሽኙ በሽታ ተይዟል ማለት አይደለም። በደም ምርመራ «ታይፎይድ አለ» የተባለ ሰውም ከኮቪድ-19 ወይም ከወባ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት መቀነስ የሦስቱም በሽታዎች ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ የምርመራው ውጤት የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ ማወቅ ታማሚውንም ቤተሰቡንም ከጉዳት ይጠብቃል።

ታይፎይድ ምንድን ነው?

ታይፎይድ ሳልሞኔላ ታይፊ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ሲሆን፣ በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ምግብና ውኃ አማካይነት ይተላለፋል። በቅማል ከሚተላለፈው ታይፈስ ጋር በስም ቢመሳሰልም መንስኤውም መተላለፊያውም የተለየ ነው። ታይፎይድ በወቅቱ ካልታከመ አንጀትን እስከ ማድማትና መብሳት ሊደርስ ይችላል።

ምርመራው የሚያየው ምንድን ነው?

በሀገራችን በስፋት የሚሠራው የታይፎይድ ምርመራ ዊዳል ይባላል። ስያሜውን ያገኘው ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1896 ካስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ከፈርናንድ ዊዳል ነው። ምርመራው የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት (አንቲቦዲ) ነው። በውጤት ወረቀት ላይ «ኦ» እና «ኤች» ተብለው የሚጻፉት ፀረ እንግዳ አካላቱ የሚያነጣጥሩባቸው የባክቴሪያው ክፍሎች ናቸው። 1፡160 የሚል ቁጥር የደሙ ፈሳሽ ክፍል (ሴረም) እስከ 160 እጥፍ ከቀጠነ በኋላም ባክቴሪያዎቹን እርስ በርስ ማጣበቅ እንደቻለ ያመለክታል።

ውጤቱ ለምን ሊያሳስት ይችላል?

• ፀረ እንግዳ አካላት ከበሽታው በኋላም ለወራት በደም ውስጥ ይቆያሉ። ከዚህ ቀደም የታመመ ወይም የታይፎይድ ክትባት የወሰደ ሰው ዛሬ ታይፎይድ ሳይኖርበት ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ሊሆን ይችላል።
• ወባና ሌሎች የሳልሞኔላ ዝርያዎችም ተመሳሳይ ውጤት ሊያስከትሉ ይችላሉ።
• ፀረ እንግዳ አካላት በበቂ መጠን የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ በሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንት መጨረሻ ገደማ ነው። ቀደም ብሎ የተመረመረ ወይም አንቲባዮቲክ የጀመረ ታማሚ «ኔጋቲቭ» ሊባል ይችላል።

በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ የዊዳል ምርመራ በራሱ ታይፎይድን አያረጋግጥም፤ በሽታው የለም ለማለትም አያበቃም። ከ10 እስከ 14 ቀናት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሠርቶ መጠኑ አራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ የተሻለ መረጃ ይሰጣል። ባክቴሪያውን በቀጥታ የሚፈልገው የደም ካልቸር ይበልጥ ተመራጭ ነው። ሆኖም ውጤቱ ቀናት ይፈልጋል፣ አንዳንድ ታማሚዎችንም ሊያልፍ ይችላል፤ ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል።

የተሳሳተ ትርጓሜ የሚያስከትለው ጉዳት

ለምሳሌ ከሦስት ቀን በፊት ትኩሳትና ሳል የጀመረው ሰው በዊዳል ውጤት ብቻ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ወደ ሥራው ቢመለስ፣ ሕመሙ ኮቪድ-19 ከሆነ በቤቱና በሥራ ቦታው ላሉ ሰዎች ያስተላልፋል። አንቲባዮቲክ በቫይረስ ላይ አይሠራም። ሕመሙ ወባ ከሆነ ደግሞ ሕይወት የሚያድነው ሕክምና ይዘገያል። መድኃኒቱን ያለ አግባብ መውሰድም ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲላመዱ ስለሚያደርግ፣ ነገ በእውነት ታይፎይድ የሚይዘውን ሰው ማከም አስቸጋሪ ይሆናል።

ትኩሳት ሲኖር ምን መደረግ አለበት?

1. ትኩሳት ያለበት ሰው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ፣ ከሌሎች ርቀቱን ጠብቆ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።
2. ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች፣ የተከተበውን ክትባት፣ ወደ ወባማ አካባቢ ተጉዞ እንደሆነና ከታመመ ሰው ጋር መገናኘቱን ለባለሙያው መንገር አለበት።
3. የዊዳል ውጤት «ፖዘቲቭ» ቢሆንም ባለሙያው የሚያዝዘውን የወባና የኮቪድ-19 ምርመራ ማድረግ፣ ውጤቱ እስኪታወቅም ራስን ለይቶ ማቆየት ያስፈልጋል።
4. በባለሙያ የታዘዘ አንቲባዮቲክ ሕመሙ ቢሻልም እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት።
5. መዳንን ለማረጋገጥ ዊዳልን ደግሞ መመርመር አይጠቅምም፤ ታማሚው ከዳነ በኋላም ውጤቱ «ፖዘቲቭ» ሆኖ ሊቆይ ይችላልና።

የመተንፈስ ችግር፣ ራስን መሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድር ከታየ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

ከመጸዳጃ ቤት መልስና ምግብ ከመንካት በፊት እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብ ከታይፎይድም ከኮቪድ-19ም ይከላከላል። ውኃን አፍልቶ ወይም በኬሚካል አክሞ መጠጣት፣ ምግብን አብስሎ በትኩሱ መመገብ፣ በጥሬው የሚበሉ አትክልቶችን በንጹሕ ውኃ በሚገባ ማጠብና መጸዳጃ ቤትን በአግባቡ መጠቀም ደግሞ የታይፎይድን መተላለፊያ መንገድ ይዘጋሉ።