የሚጠይቅ ልጅ፥ የሚመልስ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እስራኤል ዮርዳኖስን በደረቅ በተሻገሩ ጊዜ፥ ኢያሱ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ አቆመ (ኢያሱ 4)። የቆሙት ለጌጥ አልነበረም፤ ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፥ አባቶችም የእግዚአብሔርን ሥራ እንዲነግሯቸው ነው። ድንጋይ ያስጠይቃል እንጂ አይመልስም። መልሱ የአባት ድርሻ ነው።

ሕዝቡ በኢያሱና ከእርሱ በኋላ በቆዩት ሽማግሌዎች ዘመን እግዚአብሔርን አመለከ። ኢያሱ በ110 ዓመቱ ሞተ፤ ያም ትውልድ አለፈ። ቀጥሎ የተነሣው ግን እግዚአብሔርን አላወቀም፤ ወደ በኣል ዞረ (መሳፍንት 2)። ከተአምሩ እስከ ክህደቱ ያለው ርቀት የአንድ ትውልድ ዕድሜ ብቻ ነበር።

እኛስ? ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ታናናሾቻችን «ማዕተብ የምናስረው ለምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁን፥ ብዙዎቻችን «ልማድ ነው» ብለን አልፈናል። ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ ስናጠና የምናድር ተማሪዎች፥ በጥምቀታችን ቀን በአንገታችን የታሰረውን የክርስትናችንን ምልክት ለአንድ ሕፃን ማስረዳት አቃተን። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን እንኳ ጾመውና ሰግደው አሳይተውናል።

ሙሴ ትእዛዙን ሲሰጥ በቅድሚያ በራሳችን ልብ እንዲኖር፥ ከዚያም በቤትም በመንገድም ለልጆች እንዲነገር አዘዘ (ዘዳግም 6)። እንግዲህ ሳይታዘዙ ማስተማር ከንቱ ነው፤ ታዝዞ ዝም ማለትም ግማሽ መታዘዝ ነው።

ስለዚህ እስከሚመጣው ሰንበት እያንዳንዳችን ያልመለስነውን አንድ ጥያቄ ከካህናት አባቶቻችን ጠይቀን እንማር፤ ለጠየቀንም ልጅ ተመልሰን እንንገር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።