ተቆጣጣሪ ሲጎድል አውሮፕላን ያርፋል?
ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነኝ። በቦሌ በኩል ወደ ላሊበላ ልበር ነው። በትናንሽ ኤርፖርቶች የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ቢጠፋ አውሮፕላኑ እንዴት ያርፋል?

መልስ፦ ማረፉን ያርፋል። የመቆጣጠሪያ ማማው ላይ ሰው በሌለበት፣ አብራሪዎች በጋራ የሬዲዮ ሞገድ ያሉበትን ቦታና ቀጥሎ የሚያደርጉትን እየተነጋገሩ ይወርዳሉ፤ በዓለም ብዙ ትናንሽ ማረፊያዎች እንዲህ ይሠራሉ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ድካም ነው፤ ሰው ሲያንስ የቀሩት ፈረቃ ይደራርባሉ።

ከቦሌ ሰው መላክም ቀላል አይደለም። የተቆጣጣሪ የሥራ ፈቃድ ለተወሰነ ቦታ ስለሚሰጥ፣ የተመደበው ባለሙያ አዲሱን ማረፊያ፣ ተራራውንና ነፋሱን ተለማምዶ እዚያው መፈተን አለበት። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተቆጣጣሪዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ ሲያቆሙ ቦታቸውን ለመሸፈን ጡረተኞች ጭምር ተጠርተዋል። ተተኪ በአንድ ጀንበር አይገኝም፤ ስለዚህ ክፍያቸውና ዕረፍታቸው የእርስዎም የደኅንነት ጉዳይ ነው።