ዝም ያለ የድምፅ ካርድ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

የድምፅ ካርድ ለብዙዎች የሙዚቃ ማዳመጫ ነው። በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ግን ርካሽ የመለኪያ መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል። ከማይክሮፎን የሚደርሰውን ቮልቴጅ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልኬት 65,536 ደረጃዎች ካሉት ሚዛን በአንዱ ላይ ያስቀምጠዋል። የሰው ጆሮ ከ20,000 ሄርዝ በላይ ስለማይሰማ፣ የዚህን እጥፍ ጥቂት ያለፈ ናሙና ድምፁን መልሶ ለመገንባት ይበቃል። ኦሲሎስኮፕ በሌለበት ክፍል የክራር አውታር ድግግሞሽን የሚለካ ተማሪ ሥራው በዚህች ካርድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ አፕዴት የተባለውን ማሻሻያ ሌሊት ተቀብሎ ጠዋት ድምፅ አልባ ሆኖ ሲገኝ ምን ይደረግ? የተለመደው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ይህ ምክር የመመረቂያ ጽሑፉንም የወራት ልኬቱንም ከጥፋቱ ጋር አብሮ ሊጠርግ የሚችል ስለሆነ የመጨረሻ አማራጭ መሆን ይገባዋል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የእያንዳንዱን ካርድ ውስጣዊ አሠራር አያውቅም። አጠቃላይ ትእዛዙን ቺፑ ወደሚረዳው ዝርዝር የሚተረጉመው ድራይቨር የተባለው ፕሮግራም ነው። ማሻሻያው ተርጓሚውን በማይስማማ ሲተካ፣ ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ የትእዛዝ መንገዱን ሲለውጥ፣ ጤነኛው ካርድ ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ፕሮግራሞች በዳይሬክትሳውንድ በኩል ካርዱን በቀጥታ የሚያዙበትን መንገድ ስለዘጋ፣ ኢኤኤክስ የተባለው የሳውንድ ብላስተር ካርዶች የማስተጋቢያ ስልት በብዙ ጨዋታዎች ሥራውን አቆመ።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል። ከማሻሻያ በኋላ ድምፁ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደተያያዘ፣ ስፒከር ወደሌለው ሞኒተር መዞሩ የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ መውጫውን መልሶ መምረጥ ይበቃል። ይህ ካልሆነ ወሳኙ ሙከራ ይከተላል፦ ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ፣ ሳይጫን መሞከር የሚቻለውን ኡቡንቱ ሊኑክስ ከፍላሽ ዲስክ ማስነሣት። ካርዱ ያው፣ ስፒከሩም ያው፤ የተለወጠው ሶፍትዌሩ ብቻ ነው። ድምፅ ከወጣ ካርዱ ነጻ ወጣ። ካልወጣ ግን ወዲያው አይፈረድበትም፤ ሊኑክስ ለዚያ ቺፕ የሚስማማ ድራይቨር ላይኖረው ይችላልና። ተማሪዎች ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ካርዱ ደኅና መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ወደ ዊንዶውስ ተመልሶ ዲቫይስ ማኔጀርን መክፈት ነው። በካርዱ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው ቁልፍ የቀድሞውን ድራይቨር ይመልሳል። ቁልፉ ከደበዘዘ የሚመለስ ድራይቨር አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ከኮምፒውተሩ አምራች ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀውን ማውረድ ያስፈልጋል። ድራይቨር አፈላላጊ ነን የሚሉ ፕሮግራሞችን አልመክርም። ማሻሻያው ያንኑ ድራይቨር ዳግም እንዳይጭን ለጊዜው ማቆምም ይቻላል።

ለመለኪያ የሚጠቀሙበት ግን ድምፅ በመሰማቱ ብቻ ሥራውን አይቀጥሉ። አዲስ ድራይቨር የናሙናውን ፍጥነት ወደ 48,000 ሊለውጥ፣ ጫጫታ የሚቀንሰውንም ማጣሪያ ሊያበራ ይችላል። በ48,000 የተለቀመውን ናሙና የስሌት ፕሮግራሙ 44,100 ነው ብሎ ከወሰደው፣ 440 ሄርዝ የተጻፈበት ቱኒንግ ፎርክ 404 ሄርዝ ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ከአውታሩ በፊት ቱኒንግ ፎርኩ ይለካ።