ቀላል የወንድ ጃኬት ለበልግ፦ በማርኩ ወይስ በውስጡ?

መግቢያ

«ጃኬት መምረጥም የትምህርት ርዕስ ሆነ እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ነገር ግን የልብስ ስፌት ተማሪዎች ሆነን ገበያ ስንወጣ፣ እንደማንኛውም ሰው መጀመሪያ የምናየው አንገቱ ላይ የተሰፋውን ማርክ ነው። ክፍል ውስጥ የተማርነው ክፍል ውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

የዘንድሮ ተመራቂዎች በእነዚህ የበልግ ወራት ጊደር መጋላንና አካባቢውን ጃኬት ፍለጋ እየዞርን ነው። የምንገዛው ጃኬት አሁን ይለበሳል፣ በምረቃ ቀን ከጋዋኑ ሥር ይገባል፣ ከዚያም ሥራ ፍለጋ አብሮን ይሄዳል። አንድ ነው፤ ሁለተኛ የመግዣ አቅም የብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ የለም። ስለዚህ አሳስቶ የሚገዛ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ስሕተቱን ለብሶት ነው የሚዞረው። በዚህ ጽሑፍ «ጃኬት» ስል ኮትንም እንደሚጨምር አንባቢ ይረዳልኝ።

1. የሐረር አየር ምን ይፈልጋል?

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በበልግ ጠዋትና ማታ ብርድ ብርድ ይላል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ ጀርባ ያቃጥላል፤ በመካከሉ ዝናብ ይመጣል። ለጉዳይ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰውማ ሌላ ችግር አለበት። ድሬዳዋ ያለችው በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚሞቅ፣ ደንገጎን ጨርሶ ድሬ የገባ ሰው ተጨማሪ ሙቀት ይጠብቀዋል። ጠዋት የተመሰገነው ጃኬት ቀትር ላይ ክንድ ላይ የሚንጠለጠል ሸክም ይሆናል።

እንግዲህ የምንፈልገው ነፋስ የሚከለክል፣ ላብ የሚያሳልፍ፣ ሲታጠፍ የማይጨማደድ ወይም ቶሎ የሚመለስ ልብስ ነው።

2. ለመሆኑ ዲዛይነሮቹ ምን አደረጉ?

ብዙዎቻችን ዲዛይነር ጃኬት ሲባል አንድ ነገር የተጨመረበት ይመስለናል። ታሪኩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ትልቁ ሥራ የተሠራው በመቀነስ ነው።

የድሮው የእንግሊዞች ኮት የተፈጠረው ለብርድ አገር ነው። ደረቱ በወፍራም ጨርቅ የተደገፈ፣ ትከሻው የተሞላ፣ ውስጡ ሙሉ ገበር የለበሰ ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጣሊያን ደቡብ፣ በሞቃቷ ኔፕልስ ከተማ፣ ሩቢናቺ በተባለው ቤት ይሠራ የነበረው ቪንቼንዞ አቶሊኒ የትከሻውን ሙሌትና ገበሩን እየቀነሰ እንደ ሸሚዝ የቀለለ ኮት ሰፋ። በ1975 (እ.ኤ.አ.) በሚላን የራሱን ድርጅት ያቋቋመው ጆርጅዮ አርማኒም ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ለብዙኃኑ ገበያ አወጣው። አርማኒ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ሲያርፍ ዓለም ያነሣለት ዋና ነገር ይኸው ነበር፤ የወንድን ኮት አለሰለሰው።

ከዚህ የምንማረው፣ የቀላል ጃኬት ዋጋ ያለው በማርኩ ሳይሆን ከውስጡ ምን እንደወጣና የቀረው እንዴት እንደተሰፋ ነው። ገበር ሲወጣ ስፌቱ ራቁቱን ይቀራል። ሙሉ ገበር ያለው ኮት መጥፎ ስፌት ሊደብቅ ይችላል፤ ገበር የሌለው ግን አይችልም። ስለዚህ ጃኬት ስትመርጡ መጀመሪያ ገልብጡት።

3. ጨርቁን ማወቅ

ሀ) ጥጥ፦ ላብ ይመጣል፣ ለቆዳ ይመቻል። ነገር ግን ዝናብ ከመታው ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል።

ለ) ሊነን (ከተልባ እግር የሚሠራው)፦ ከሁሉም ይቀዘቅዛል፤ ግን አንዴ ቁጭ ብሎ ለተነሣ ሰው ይጨማደዳል። ለቃለ መጠይቅ የሚሄድ ይጠንቀቅ።

ሐ) ቀጭን ሱፍ፦ «ሱፍማ ለብርድ ነው» የሚለው አነጋገር ሙሉ እውነት አይደለም። በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 260 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ላላ ተደርጎ የተሸመነ ሱፍ አየር ያሳልፋል፤ የሱፍ ክር በተፈጥሮው ጥቅልል ስለሆነም ሌሊት ተሰቅሎ ሲያድር ጭምድዱ ይፈታል።

መ) ፖሊስተር፦ አይጨማደድም፣ ርካሽ ነው። ላብ ግን አያስወጣም፤ ቀትር ላይ ገላን ያፍናል። ከጥጥ ወይም ከሱፍ ጋር በመጠኑ ሲደባለቅ ግን የሚናቅ አይደለም።

እጅጌው ላይ «ሱፐር 100»፣ «ሱፐር 120» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ቁጥሩ የሚናገረው የሱፉን ክር ቅጥነት ነው፤ 100 ሲባል የክሩ ውፍረት ከ18.75 ማይክሮን አይበልጥም፣ 120 ሲባል ከ17.75 አይበልጥም ማለት ነው። የጨርቁን ክብደትም ሆነ የስፌቱን ጥራት አይናገርም። ክሩ በቀጠነ ቁጥር ደግሞ ቶሎ ይሳሳል፤ ለዕለት ልብስ ትልቅ ቁጥር ማሳደድ አያስፈልግም። ይህ ማርክ እንደተገዛ ተፈትቶ የሚወጣ ነበር፤ እኛ ጋ ግን እንደ ማዕረግ ዓመት ሙሉ እጅጌ ላይ ይኖራል!

የተጠራጠረ ሰው ባለቤቱን አስፈቅዶ ከውስጥ ጠርዝ አንድ ክር መዝዞ ያቃጥል። እንደ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ወይም ሊነን ነው፤ እንደ ፀጉር ከሸተተ ሱፍ ነው፤ ቀልጦ እንደ ጨሌ ከደረቀ ፖሊስተር ነው። ክር አይዋሽም።

4. ስፌቱና ትከሻው

ደረቱ ላይ ከቁልፉ ዝቅ ብላችሁ የፊቱን ጨርቅና የውስጡን በጣቶቻችሁ ቆንጥጣችሁ ለያዩ። በመካከላቸው ሦስተኛ ጨርቅ በነፃነት ሲንሸራተት ከተሰማችሁ፣ ደረቱ በመርፌ የተያዘ ነው። ካልተሰማችሁ ማጠንከሪያው በሙጫ የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። የተለጠፈ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ሙጫው ርካሽ ከሆነ በእጥበትና በካውያ ብዛት ይለቅና ደረቱ ላይ አረፋ አረፋ ያወጣል። ያንን ማንም ሰፊ አይመልሰውም።

ቀጥሎ ትከሻ። የትከሻው ስፌት ትከሻችሁ የሚያበቃበት ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። እጅጌ ይታጠራል፣ ወገብ ይጠባል፣ በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ከተተወም ትንሽ ይሰፋል። ትከሻን ማስተካከል ግን ኮቱን እንደ አዲስ መሥራት ነው። «ትንሽ ይሰፋኛል እንጂ ማርኩ ኦሪጅናል ነው» ብሎ የሚገዛ ሰው የገዛው ማርክ ነው እንጂ ጃኬት አይደለም።

5. ታዲያ የት ይገዛ?

ጊደር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» ማለት ነው። ከዚያ ወደ ፈረስ መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። ጨርቁ ከሱቁ ይገዛል፤ ሰፊው ደግሞ ደጃፉ ላይ መኪናውን ይዞ ተቀምጧል። ከጀርባው የሚሸጠውን ጨርቅ በእጁ የሚያውቅ ሰው ነው።

በሌላ በኩል ሰልባጅ አለ። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ከገበያ አይጠፋም፤ ተማሪውም የሚሳበው በዋጋውና በማርኩ ነው። እኔ የማየው ችግር ግን ሌላ ነው። በርካሽ የተገዛው ሰፊ ጃኬት ሄዶ ሄዶ መኪና ግርግር ይደርሳል፤ ሰፊው ይፈታዋል፣ ያጠበዋል፣ ሰው ያስመስለዋል። ለባሹ ግን ሲጠየቅ የሚጠራው የማርኩን ስም ነው። ሥራው የሰፊው፣ ስሙ የሌላው!

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ተዘጋጅቶ የተሰፋ ከገዛችሁ ለትከሻችሁና ለጨርቁ ግዙ፤ የቀረውን ለመኪና ግርግር ሰፊ ተዉለት፤ ሒሳቡንም ከመጀመሪያው ያዙለት። በልክ የምታሰፉ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ገበር ብቻ አዙ፤ ከላይ ትከሻንና ጀርባን የሚሸፍን፣ ከታች ክፍት የሆነ። እጅጌው ግን ገበር ይኑረው፤ ያለዚያ ሸሚዝ ላይ እየተጣበቀ ያስቸግራል። ውስጡ ያሉት ጠርዞች ተሸፍነው እንዲሰፉም በግልጽ ጠይቁ፤ ጊዜ ስለሚወስድ ሰፊው ዋጋ ቢጨምርበት አግባብ ነው።

ማጠቃለያ

ለመምህራኖቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ለተግባር ልምምድ ስንወጣ ፋብሪካ እንመኛለን። ፋብሪካ ፍጥነት ያስተምራል፤ ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ የሚሰፋው አንድ ኪስ ወይም አንድ እጅጌ ነው። መኪና ግርግር ላይ ያለው ሰው ግን ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ የሌላውን ስፌት ፈትቶ ስሕተቱን ያነባል። ይህ ዕውቀት በአብዛኛው አልተጻፈም፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚሄደው። ከእኛ መካከል አጠገቡ የሚቀመጥ ተማሪ ካልተገኘ ከሰፊው ጋር ይቀራል። ልምምዳችን ቢያንስ ሁለት ሳምንት በዚያ መንገድ ላይ እንዲሆን ክፍላችን ቢያስብበት መልካም ነው እላለሁ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ነገ ጊደር መጋላ ስትወርዱ ማርኩን ከማንበባችሁ በፊት ጃኬቱን ገልብጡት። መልካም ምርጫ ይሁንላችሁ!