ማዳበሪያው በየመስመሩ እንዲደርስ፦ የመዝሪያ ማሽን ማራገቢያ አጠቃቀም



ብዙው ገበሬ ማዳበሪያ የሚገዛው ተበድሮ ወይም ከልጆቹ ጉርስ ቀንሶ ነው። ስለዚህ የምእመናንን ኩታ ገጠም ማሳ በኪራይ ማሽን የሚያዘራ ኮሚቴ ከባድ አደራ አለበት። ዘሩ ወርዶ ማዳበሪያው ቢቀር ጉድለቱ በዕለቱ አይታይም፤ አፈር ይሸፍነዋል። የሚገለጠው ቡቃያው ሲቀጭጭ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ፎስፈረሱን መልሶ ከሥሩ አጠገብ ማኖር አይቻልም።

አሠራሩ

በአንዳንድ ማሽኖች ማዳበሪያው በራሱ ክብደት ወደ ትልሙ ይወርዳል። በሌሎች ግን ከማራገቢያው የሚወጣ አየር በቱቦ ተሸክሞ ያደርሰዋል። የማዳበሪያውን መጠን የሚወስነው መጣኙ ክፍል ነው፤ ማራገቢያው ተሸካሚ ብቻ ነው። ስለሆነም ፍጥነቱን መጨመር ማዳበሪያውን አያበዛም።

ነፋሱ ካነሰ ቅንጣቶቹ በቱቦው መታጠፊያ ተከማችተው ይዘጉታል። ከበዛ ደግሞ ከትልሙ ነጥረው ይወጣሉ፤ ተሰባብረውም ዱቄት ይሆናሉ። ትክክለኛው ፍጥነት በማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ የተመለከተው ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ማራገቢያው ከመነሣቱ በፊት የአየር ማስገቢያው ወንፊት ከገለባና ከአቧራ ይጽዳ፤ የማዳበሪያ ማጠራቀሚያው ክዳንም በሚገባ ይገጠም። የጓጎለ ወይም የረጠበ ማዳበሪያ አይጨመር።

2. ማዳበሪያው የሚለቀቀው ማራገቢያው ተገቢውን ፍጥነት ካገኘ በኋላ ይሁን። ማራገቢያው በሃይድሮሊክ የሚሠራ ከሆነ ዘይቱ ሲሞቅ ፍጥነቱ ሊለወጥ ስለሚችል ዳግመኛ ይታይ።

3. ትራክተሩ በማሳው ጫፍ ሲዞር መጣኙ ይቁም፤ ማራገቢያው ግን አይጥፋ። ቱቦዎቹ እስኪጠሩ ድረስ ይንፈስ።

4. ቱቦ ሲዘጋ ትራክተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ ማራገቢያው ፈጽሞ ሳይቆም ማንም እጁን አያስገባ።

5. ማታ ማጠራቀሚያው ተራግፎ ይጽዳ። በውስጡ የሚያድር ማዳበሪያ እርጥበት ስቦ ይጓጉላል፤ ብረቱንም ይበላል።

ኮሚቴው ራሱ ይመዝን

ለዚህ ሥራ ሚዛንና ሜትር ይበቃሉ። ለምሳሌ በሄክታር 100 ኪሎ ግራም ኤንፒኤስ እንዲወርድ ታስቦ፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ50 ሜትር ጉዞ አንዱ መስመር 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቱቦ 100 ግራም መገኘት አለበት።

ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ በየቱቦው ጫፍ አየር የሚያሳልፍ የጨርቅ ከረጢት ይታሰር፤ ላስቲክ ነፋሱን ስለሚያፍን አይሆንም። ከዚያም 50 ሜትር ተነድቶ ማሽኑ ከጠፋ በኋላ እያንዳንዱ ከረጢት ለየብቻው ይመዘን። አንዱ ከሌሎቹ በጉልህ ካነሰ ቱቦው ይፈተሽ። ሁሉም በእኩል ካነሱ፣ ክዳኑ አየር አለማስወጣቱ ከተረጋገጠ በኋላ መጣኙ ይስተካከል እንጂ የማራገቢያው ፍጥነት አይጨመር።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአጥቢያችን የሚሠራው ማሽን ማዳበሪያን የሚያወርደው በክብደት ነው ወይስ በነፋስ?

ለ. ምዘናው ሥራው ከመጀመሩ በፊት እንዲፈጸም በኪራይ ውላችን አስፍረናልን?

ሐ. በሥራው ቀን በማሳው ተገኝተው የሚመዝኑት ሁለት አባላት እነማን ይሁኑ?