ከፋሲካ ዕረፍት በፊት፦ ለልጅ ልጆቻችን በእጃችን የምንነግራቸው



የፋሲካ ዕረፍት ሲቃረብ በትምህርት ቤትና በጋን (በመዋዕለ ሕፃናት) ያለው ሥራ ይለወጣል። ሂሳቡና ንባቡ ላላ ይላል፤ ጠረጴዛው በወረቀት፣ በመቀስና በሙጫ ይሞላል። ልጆቹ ለሴዴር ማዕድ የሚሆን አንድ ነገር ሠርተው ወደ ቤት ይዘው ይመጣሉ። ዕረፍቱ ከሴዴር ሌሊት ቀደም ብሎ ይጀምርና ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ወላጆች ሥራ ስላላቸው በነዚያ ቀናት ብዙ ልጆች የሚውሉት እናንተ ዘንድ ነው።

ዛሬ አራት ቀላል የእጅ ሥራዎችን እንማራለን። በክፍል ውስጥ፣ በሞዓዶኒት (ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚውሉበት ቤት) ወይም በራሳችሁ ሳሎን ሊሠሩ ይችላሉ። አንዱም ሥራ ጥሩ ዕብራይስጥ አይጠይቅም።

ለምን እናንተ?

በሪቫሐ (በማኅበራዊ አገልግሎት) ሥራዬ ብዙ ቤት እገባለሁ። ከአያቶች ደጋግሜ የምሰማው ነገር አንድ ነው፦ «እኔ ዕብራይስጥ የለኝ፣ ልጁ አማርኛ የለው፤ ምን ብዬ ላውራው?»

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ለአያቷ ደብዳቤ ታነባለች፤ በኩፓት ሖሊም ታስተረጉማለች፤ ስልኩን ታስተካክላለች። ቀስ በቀስ ልጅቷ አዋቂ፣ አያት ደግሞ ጠያቂ ይሆናሉ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ግን ልጅቷ «አያቴ ምንም አታውቅም» ብላ ታድጋለች። አያትም ዝም ማለትን ይለምዳሉ።

ፋሲካ ደግሞ የመንገር በዓል ነው። ሃጋዳ የሚለው ቃል ራሱ መንገር ማለት ነው፤ የሌሊቱ ዋና ትእዛዝም ከግብፅ መውጣቱን ለልጅ መንገር ነው። ቋንቋ ሲያጥር ግን መንገር በአፍ ብቻ አይደለም። እጅ ሲሠራ ልጅ ያያል፤ ያየውን ይሠራል፤ ሲሠራ ይጠይቃል። ያኔ አዋቂው እናንተ ናችሁ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል። ብዙዎቻችሁ ስፌት ሰፍታችኋል፣ ሸክላ ሠርታችኋል፣ ሸምናችኋል፣ ብረት ቀጥቅጣችኋል። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ይናቅ እንደነበር፣ በዚህ ምክንያት ብዙ ስድብ እንደሰማችሁ አውቃለሁ። እኔ እዚሁ ስለተወለድኩ ያንን አልኖርኩትም። ነገር ግን እዚህ ያለ ልጅ ያንን ንቀት አያውቀውም። ከጭቃ ዕቃ ሲወጣ ሲያይ አፉን ይከፍታል። ስለዚህ «ይሄማ ተራ ሥራ ነው» ብላችሁ አትደብቁት።

መጀመሪያ ከአስተማሪዋ ጋር መነጋገር

ክፍል ገብታችሁ ለመሥራት ከፈለጋችሁ ዕረፍቱ ሊጀምር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለክፍሉ ኃላፊ መምህርት (ለሜሐኔኬት) ንገሩ። በትምህርት ቤቱ ሜጋሼር ካለ (በማኅበረሰባችንና በትምህርት ቤቱ መካከል የሚያገናኘው ሠራተኛ) እሱ ይንገርላችሁ። አራት ነገር ጠይቁ፦ ልጆቹ ስንት ናቸው? ስንተኛ ክፍል ናቸው? ስንት ደቂቃ አለን? ማን ያስተረጉማል?

ክፍሉ ሠላሳ ልጅ ካለው ሁሉንም አንድ ላይ አትያዙ። ስድስት ወይም ስምንት ልጆች ወደ እናንተ ጠረጴዛ ይምጡ፤ ሌሎቹ ከመምህርቷ ጋር ሌላ ሥራ ይሥሩ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። እናንተ ጥሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ልጆቹ ናቸው መምጣት ያለባቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በሌላ ጊዜ ልጆች ከዱቄት፣ ከጨውና ከውሃ ሊጥ ለውሰው ቅርጽ ይሠራሉ፤ ማካሮኒም ወረቀት ላይ ይለጥፋሉ። ከፋሲካ በፊት ይህን ተዉት። ሁለቱም ሐሜጽ ናቸው፤ ልጁ የሠራውን ይዞ የሚገባው ደግሞ ወደ ተጠረገ ቤት ነው። ከሱቅ የሚገዛ የልጆች መጫወቻ ሊጥም ብዙ ጊዜ ስንዴ አለበት፤ ከመግዛታችሁ በፊት ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አስነብቡ።

አንደኛ ሥራ፦ ትንሽ የሸክላ ዕቃ

በአገራችን ለፋሲካ አሮጌው የሸክላ ዕቃ ተሰብሮ ወይም ከቤት ወጥቶ በአዲስ ይተካ ነበር። ይህን ለልጆቹ ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ ሰምተውት አያውቁም። እዚህ ቤት ሲጠረግና ዕቃ ሲለወጥ ስለሚያዩ ወዲያው ይገባቸዋል።

የሚያስፈልገው ሳይተኮስ በአየር የሚደርቅ ሸክላ ነው፤ የጽሕፈት መሣሪያና የሥዕል ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል። ትንሽ ውሃ፣ ጠረጴዛውን የሚሸፍን ላስቲክና የጥርስ እንጨት አዘጋጁ።

ለእያንዳንዱ ልጅ እንቁላል የሚያክል ጭቃ ስጡ። ልጁ ያድቦልቡለው፤ ከዚያ አውራ ጣቱን መሐል አስገብቶ እያዞረ ጎኑን ይጫን። ጎኑ በጣም ከሳሳ ይሰነጠቃል፤ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ይተዉት። እጀታ ወይም ከንፈር መቀጠል ከፈለጉ ሁለቱንም ፊት በጥርስ እንጨት ጫር ጫር አድርገው፣ በውሃ አርሰው ያጣብቁት። ሳይጫር የተለጠፈ ሲደርቅ ይወድቃል።

ዕቃው ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ይሰነጠቃል። እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ለመጨረሻው ቀን አታስቀሩት። ያልተተኮሰ ስለሆነ ውሃ አይይዝም፣ ምግብም አይቀርብበትም። የደረቀ አበባ ይቀመጥበት፤ ለጌጥ ይሁን።

ሁለተኛ ሥራ፦ ከወረቀት ሳህን የሚሠራ ስፌት

እዚህ ሰንደዶና አክርማ ማግኘት ይከብዳል። በምትኩ ጎድጓዳ የወረቀት ሳህንና የሹራብ ክር ይበቃል። ወስፌም አያስፈልግም።

ሳህኑን ከጠርዙ እስከ ታችኛው ጠፍጣፋ ድረስ ዘጠኝ ቦታ ሰንጥቁት። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት፤ ሙሉ ከሆነ ክሩ በየዙሩ በዚያው መንገድ ይሄዳል፣ ስፌቱም አይያዝም። የክሩን ጫፍ ከታች በሙጫ ወረቀት አጣብቁና ልጁ በአንዱ ፊት፣ በሚቀጥለው ኋላ እያሳለፈ ይዙር። ሁለተኛው ዙር በራሱ ይቀያየራል። በየጥቂት ዙሩ ክሩን በጣት ወደ ታች ጠበቅ ያድርገው። ቀለም መቀየር ሲፈልግ አዲሱን ክር ከአሮጌው ጋር ቋጥሮ ይቀጥል። መጨረሻ ላይ ጫፉን ወደ ውስጥ ይሸጉጠው።

ለጋን ልጆች ሳህኑን እናንተ ቀድማችሁ ሰንጥቁላቸው። ከአንደኛ ክፍል በላይ ያሉት ራሳቸው ይቁረጡ።

ሲሠሩ ቃላቱን አስተምሯቸው፦ ስፌት፣ ሰንደዶ፣ አክርማ፣ አለላ፣ ሙዳይ፣ መሶብ። ልጁ ቃሉን በዕብራይስጥ ፊደልም ቢሆን በትንሽ ወረቀት ጽፎ በሙዳዩ ውስጥ ያስቀምጥ። ዕረፍቱ ሲያልቅ ስንት ቃል እንደያዘ ይቁጠር። ቤታችሁ እውነተኛ ስፌት ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጆቹ በእጃቸው ይንኩት።

ሦስተኛ ሥራ፦ የማጻ መሸፈኛ

በሴዴር ማዕድ ላይ ማጻው (ቂጣው) በጨርቅ ይሸፈናል። አርባ በአርባ ሳንቲም የሆነ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ቁረጡ፤ ከአሮጌ አንሶላም ይሆናል። ከሥሩ ካርቶን አስቀምጡ፣ ቀለሙ ጠረጴዛውን እንዳይነካ።

እናንተ በጠርዙ ዙሪያ የቀሚስ ጥለት በእርሳስ ንደፉ። ልጁ በጨርቅ ቀለም እስክሪብቶ ያቅልመው፤ መሐሉን ደግሞ የራሱን ሥዕል ይሣልበት። ከሦስተኛ ክፍል በላይ ያሉት ሰፊ ቀዳዳ ባለው መርፌና በወፍራም ክር ጥለቱን ተከትለው ሊጠልፉ ይችላሉ። ዓይናችሁ ከደከመ ክሩን ልጁ ያስገባላችሁ፤ እሱም ደስ ይለዋል። በመጨረሻ ትልቅ ሰው በጀርባው በኩል በካውያ ይተኩሰው። ብዙው የጨርቅ ቀለም በሙቀት ነው የሚጸናው።

አራተኛ ሥራ፦ የመንገዳችን መጽሐፍ

ይህ ከሁሉ ቀላሉም ከባዱም ነው። ረጅም ወረቀት እንደ አኮርዲዮን ስድስት ቦታ እጠፉ። በእያንዳንዱ ገጽ ልጁ አንድ ጥያቄ ይጠይቅና መልሱን ይሣል፦ ቤታችሁ ምን ይመስል ነበር? ከብቶቹ ስንት ነበሩ? ስትነሱ ምን ያዛችሁ? በመንገድ ማን ረዳችሁ? እዚህ ስትደርሱ መጀመሪያ ያያችሁት ምንድን ነው? ዛሬ ምን ያስደስታችኋል?

ከእናንተ መሐል በእግሩ ወደ ሱዳን የወጣ አለ፤ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በነበረው በዘመቻ ሙሴ የገባ አለ። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣ አለ፤ ያኔ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ገብቷል። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጠብቆ የመጣም አለ። ልጆቹ ስለ ግብፅ መውጣት በክፍል ተምረዋል። በመንገድ ሄዶ የወጣ ሰው ግን አጠገባቸው እንደተቀመጠ ብዙዎቹ አያስተውሉም።

በዚያ መንገድ ልጅ፣ እናት፣ ወንድም የቀበረ ሰው ግን ይህ ጥያቄ ቁስል ሊነካበት ይችላል። ሁሉን ለመናገር አትገደዱም። «ይህን ስታድጊ እነግርሻለሁ» ማለት ጥሩ መልስ ነው። ለትንሽ ልጅ እውነቱን አጭር አድርጋችሁ ንገሩ፦ «መንገዱ ከባድ ነበር፤ ሁላችንም አልደረስንም።» እንባ ቢመጣ ልጁ አይጎዳም፤ ምክንያቱን ካወቀ ይረዳችኋል። ከተናገራችሁ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ካለ ወይም ሐሳቡ ካልለቀቃችሁ ብቻችሁን አትቀመጡ፤ ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ወይም ለሰፈራችሁ ማኅበራዊ ሠራተኛ ንገሩ።

ልጁ እምቢ ቢል

አንዳንድ ልጅ አያቱ በነጠላ ክፍል ሲገቡ በጓደኞቹ ፊት ያፍር ይሆናል። አትቆጡት፣ አትቀየሙትም። ሥራውን ከሌሎቹ ልጆች ጋር ጀምሩ። ጓደኞቹ «የማን ሳብታ ናት?» ብለው ሲጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ እፍረቱ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን ጠብቁ፦ ሥራውን ከልጁ እጅ ነጥቃችሁ አትጨርሱለት። ጠማማ ይሁን፤ ጠማማው የራሱ ነው። የእናንተን አጠገቡ ሠርታችሁ አሳዩት። እያየ ያቃናዋል።

በሴዴር ሌሊትም ልጁ የሠራው ነገር ማዕዱ ላይ ይቀመጥ፤ መደርደሪያ ውስጥ አይደበቅ። እንግዳ ሲጠይቅ እናንተ አትመልሱ፤ ልጁ ይንገር። «አያቴ አስተማረችኝ» የሚለውን ያን ጊዜ ትሰማላችሁ፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢናገረው ይገባችኋል።

መልካም የፋሲካ በዓል።