ጂፕሰሙ ቶሎ ሲይዝባችሁ መጀመሪያ ባልዲውን እዩ

ከ18 ማዞሪያ ወደ ኮልፌ ውስጥ ውስጡን ለገባ ሰው በግንባታ ላይ ያለ ቤት አይጠፋም፤ በቤቱ ውስጥም ኮርኒስ የሚሠራ ወይም ግድግዳ የሚለስን የጂፕሰም ባለሙያ አይጠፋም። ይህ ምክር ለእሱና ለረዳቱ ነው። እንዲያውም ይበልጥ ለረዳቱ፤ ባልዲውን የሚይዘው እሱ ነውና።

ጂፕሰሙ እጅ ላይ ቶሎ ሲጠነክር ሰው ሁሉ የሚከሰው ከረጢቱን ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው በባልዲው ግድግዳ ላይ ከቀድሞው ሥራ ተጣብቆ የቀረው ቅርፊት ነው።

ምክንያቱን ለማየት ከድንጋዩ እንነሣ። ወደ ጎጃም ስትጓዙ ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ በምታቋርጡት የዓባይ ሸለቆ ውስጥ የጂፕሰም ድንጋይ በንጣፍ ተኝቷል፤ ከጥንት ባሕር የቀረ ነው። ድንጋዩ በውስጡ ውኃ አለው። በ150 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ከዚህ ውኃ ሦስት አራተኛው ይወጣና እናንተ የምትገዙት ዱቄት ይሆናል። በባልዲ ስታቦኩት የወጣበትን ውኃ መልሶ ይወስዳል። ፈረንሳዊው ላቯዚዬ በ1765 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው የመጀመሪያ ጥናቱ ስለዚሁ ነበር።

ስለዚህ ጂፕሰም ሲጠነክር እየደረቀ አይደለም። ውኃ ውስጥ ቢነከርም ይጠነክራል፤ መድረቁ ከዚያ በኋላ ቀናት የሚወስድ ሌላ ነገር ነው። ዱቄቱ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 8 ግራም ገደማ ይሟሟል፤ ውኃውን የመለሰው ጂፕሰም ግን ከ2 ግራም ብዙም አያልፍም። ትርፉ ውኃ ውስጥ መቆየት ስለማይችል እንደ መርፌ የቀጠነ ክሪስታል እየሆነ ይወጣል። መርፌዎቹ እርስ በርስ ሲጠላለፉ ልስኑ ጥንካሬ ያገኛል። የባልዲውን ጎን በመዳፋችሁ ብትነኩ ሲሞቅ ይሰማችኋል፤ ሥራው የተፋፋመው ያኔ ነው።

ክሪስታል የሚያድገው በገጹ ላይ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚወስነው ባልዲው ውስጥ ያለው ጠቅላላ የክሪስታል ገጽ ነው። በንጹሕ ባልዲ መጀመሪያ ገጽ የሚባል የለም ማለት ይቻላል፤ ለተወሰነ ደቂቃ ምንም የሆነ አይመስልም፤ ከዚያ በድንገት ይፈጥናል፤ መጨረሻ ላይ ክሪስታሎቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ቦታ ሲያጡ ይዘገያል። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ በ1937 እ.ኤ.አ. ይህን የመጋጨት ነገር በቀመር አስቀመጠው። ከቀመሩ ለእናንተ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ክሪስታሎቹ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢያድጉ፣ የመነሻ ዘሩ፣ ማለትም ክሪስታል ማደግ የሚጀምርበት ቅንጣት፣ ቁጥር 8 እጥፍ ሲሆን የመጠንከሪያው ጊዜ በግማሽ ያጥራል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢረዝሙ ደግሞ ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። የጂፕሰም መርፌ ወደዚህኛው ይጠጋል። ከባልዲው ላይ የተፋቀ ቁንጥር ቅርፊት ሲደቅ ስንት ሺህ ዘር እንደሚሆን አስቡት።

እንግዲህ ባልዲውንና ስፓቱላውን ከእያንዳንዱ ቡኮ በኋላ እጠቡ፤ በየማታው ብቻ አይበቃም። የታጠበበትን ውኃም ለቀጣዩ ቡኮ አትጠቀሙበት፤ ነጣ ያለው ውኃ በሙሉ ዘር ነው። ማቡኪያ የተገጠመለት ድሪል የምትጠቀሙ ከሆነ ዱቄቱ ከውኃው ጋር ሲዋሐድ አቁሙ። ከዚያ በላይ ማሽከርከር የበቀሉትን መርፌዎች ይሰባብራል፤ የተሰበረው እያንዳንዱ ስባሪ ደግሞ አዲስ ዘር ነው።

መያዝ በጀመረው ላይ ውኃ ጨምሮ እንደገና ማሸት ከሁሉ የከፋ ነው። ለጊዜው ይለሰልሳል፤ ግን የተጠላለፈው ተበጥሷል፤ እንደገና ለመተሳሰር የሚበቃ ዱቄትም አልቀረም። ግድግዳው ሲደርቅ በጥፍር ሲፋቅ የሚረግፈው ብዙ ጊዜ እንዲህ የተሠራው ነው። ያንን ጣሉት። የሚያከስራችሁ መስሎ ከታያችሁ ቡኮውን አሳንሱ።

ሎሚ ጠብ የሚያደርጉም አሉ፤ በእርግጥም ያዘገያል። የሎሚው አሲድ መርፌው የሚረዝምበት ጫፍ ላይ ይጣበቅና ክሪስታሉን አጭርና ደልዳላ ያደርገዋል። አጭር ክሪስታል ግን እንደ ረጅሙ አይጠላለፍም፤ ስለዚህ ጊዜ ስታገኙ ጥንካሬ ትከፍላላችሁ። ጥቂት ጠብታ ለጥንቃቄ ሥራ ይሁን፤ ክብደት ለሚሸከም ኮርኒስ ግን ባታደርጉት እመርጣለሁ።

የከረጢቱ ጉዳይ በክረምት ይመጣል። በመሬት ላይ ወይም ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ከረጢት እርጥበት ይስባል፤ ከዱቄቱ ከፊሉም ሳታቦኩት ወደ ጂፕሰም ይመለሳል። ቶሎ ይይዛል፤ ይደክማልም። ከረጢቱን በእንጨት ላይ ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡ። ስትጠራጠሩ በሁለት ንጹሕ ኩባያ እኩል ውኃና እኩል ዱቄት አድርጋችሁ የአሮጌውንና የአዲሱን ለየብቻ አቡኩና ጣታችሁ ምልክት የማይተውበትን ደቂቃ በሰዓት ያዙ። አሮጌው በብዙ ከቀደመ ለኮርኒስ አይሁን፤ አዲሱም በተለመደው ሰዓቱ ከያዘ ሻጩ ጋ ሄዶ መከራከር አያስፈልግም፤ ባልዲው ይታይ።